የሰኩለንት ጉንጉን ከመሰቀሉ በፊት ሥር መያዝ አለበት

ጠያቂያችን ያቀረቡት ችግር ባጭሩ እንዲህ ነው። የሽቦ ቀለበት አዘጋጅተው የአትክልት አፈር ሞሉበት፤ አፈሩ እንዳይፈስ በላስቲክ ጠቀለሉት፤ በዚያው ዕለት የቆረጧቸውን የሰኩለንት (በወፍራም ቅጠሉ ውሃ የሚያጠራቅም ተክል) ጫፎች በላስቲኩ ቀዳዳ እየሰኩ ጉንጉኑን ሞሉ። በሦስተኛው ቀን ከቤት ውጭ ግድግዳ ላይ ሰቀሉትና በየቀኑ ውሃ ይረጩት ጀመር። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ የጉንጉኑ የታችኛው ግማሽ ጠቁሮ በሰበሰ፤ የላይኛው ግማሽ ደግሞ ተጨማዶ አንድ በአንድ ረገፈ። ጥያቄያቸው ሁለት ነው፦ በሚቀጥለው ጊዜ የትኞቹን ተክሎች ልምረጥ? ተክሎቹን ይዞ የሚያቆይልኝ ምን ዓይነት ሙጫ አለ?

ለሁለቱም ጥያቄዎች መልስ እሰጣለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፦ ጉንጉንዎን ያበላሸው የተክል ምርጫም የሙጫ እጦትም አይደለም። ተክሎቹ ሥር ሳይሰዱ ተሰቀሉ፤ ሥር የሌለው ቁራጭ ደግሞ የቱንም ያህል ውሃ ቢረጭለት ሊጠጣው አይችልም። ጠጪ ያጣው ውሃ በላስቲኩ ታስሮ ወደ ታች ወረደ፤ ከታች ያሉትን አበሰበሰ፣ ከላይ ያሉትን በጥማት ተወ። በአንድ ጉንጉን ላይ ያዩዋቸው ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ ጉዳቶች የመጡት ከአንድ ምክንያት ነው።

ውሃው ከላይ ሸሽቶ ከታች የሚከማችበትን ሁኔታ በዓይን ማየት ይቻላል። አራት ማዕዘን የሆነ ወፍራም የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውሃ ውስጥ ነክረው አግድም እንደተኛ ይያዙትና መንጠባጠቡን እስኪያቆም ይጠብቁ። ከዚያም ሳይጨምቁ በቁመቱ ቀጥ ያድርጉት። ውሃው ያለቀ የመሰለው ስፖንጅ እንደገና መንጠባጠብ ይጀምራል፤ ትንሽ ቆይተው ሲነኩት የላይኛው ጫፍ ቀለል ብሎ የታችኛው ጫፍ እንደራሰ ያገኙታል። ስፖንጁ ያው ነው፤ የተለወጠው የውሃው ዓምድ ቁመት ብቻ ነው። ጉንጉንም ጠረጴዛ ላይ ሲተኛ ከፍታው 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ሲሰቀል ግን 35 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ ተኝቶ ሳለ በሁሉም በኩል እኩል የነበረው እርጥበት ተሰቅሎ ሲውል እኩል ሊሆን አይችልም። ከዚህ በኋላ የምናገረው አብዛኛው ነገር ከዚህ እውነታ የሚነሣ ነው፦ ተክሎቹ ሥር የሚይዙት ጉንጉኑ እንደተኛ ነው፤ ከተሰቀለም በኋላ ውሃ የሚጠጣው እንደገና ተኝቶ ነው።

ሰኩለንቶች ይህን ያህል ትንሽ አፈር ውስጥ መኖር የሚችሉት ለምን እንደሆነ መረዳትም ይጠቅማል። አብዛኞቹ ተክሎች የቅጠላቸውን ቀዳዳዎች ቀን ከፍተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያስገቡ ብዙ ውሃ በትነት ያጣሉ። ለጉንጉን የምንመርጣቸው ብዙዎቹ ሰኩለንቶች ግን ቀን ቀዳዳቸውን ዘግተው ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ ይከፍታሉ፤ ሌሊት የሰበሰቡትን በማሊክ አሲድ መልክ አከማችተው በማግሥቱ በፀሐይ ብርሃን ይጠቀሙበታል። በዚህ ምክንያት የሚያባክኑት ውሃ አነስተኛ ነው፤ በቅጠላቸው ያጠራቀሙትም ያለ ሥር ለሳምንታት ያቆያቸዋል። አዲስ የተሰካ ቁራጭ ሥር እስኪያወጣ ድረስ ውሃ አልጠጣም ብለው አይሳቀቁ፤ ስንቁን ይዞ ነው የመጣው።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። ቀለበቱ ከአንድ ሽቦ ብቻ የተሠራ ሳይሆን፣ ሦስት ወይም አራት ትይዩ ክቦች በመስቀለኛ ሽቦዎች ተያይዘው ጎድጎድ ያለ ሆድ የፈጠሩበት መሆን አለበት። ዝገት እንዳይበላው ዚንክ የተቀባ ሽቦ ይምረጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ የውጭ ስፋቱ ከ30 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀለበት ጥሩ መጠን ነው፤ ከዚህ ያነሰው ቶሎ ይደርቃል፣ በጣም የሚበልጠው ደግሞ ለማንሣትና ለማዞር ያስቸግራል። ባለ 35 ሴንቲ ሜትሩ ጉንጉን ውሃ ጠጥቶ ከነተክሎቹ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ግራም ሊመዝን እንደሚችል አስቀድመው ያስቡ፤ መስቀያው ምስማር ይህን ክብደት በአስተማማኝ ሁኔታ መሸከም አለበት።

የቀለበቱን ሆድ የሚሸፍነው ስፋግነም ሞስ ነው፤ ይኸውም ረግረጋማ ቦታ የሚበቅል ሣረንስት ደርቆ የሚሸጥ ነው። ከደረቅ ክብደቱ ከ15 እጥፍ በላይ ውሃ ሊይዝ ይችላል፤ እንዲህም ሆኖ በቃጫዎቹ መካከል አየር ስለሚያሳልፍ ሥር አያፍንም። ላስቲክ ይህን ማድረግ አይችልም። የደረቀ ሞስ በመጀመሪያ ውሃን ገፍቶ ይመልሳልና ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ዘፍዝፈው፣ ከዚያም ጠብታ ብቻ እስኪወጣው ድረስ በእጅዎ ጨምቀው ይጠቀሙበት። ይህን ሲያደርጉ የእጅ ጓንት ማጥለቅዎን እንዳይረሱ። በደረቅ ሞስ ላይ የሚገኝ ስፖሮትሪክስ የተባለ ፈንገስ በቆዳ ጭረት በኩል ገብቶ ለረጅም ጊዜ የማይድን ቁስል ሊያመጣ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ባይሆንም በሽቦ ጫፍ እጅ በሚቧጨርበት ሥራ ላይ ችላ የሚባል ጉዳይ አይደለም።

በሞሱ መካከል የሚገባው አፈር ከጓሮ የተዛቀ መሆን የለበትም። የጓሮ አፈር በጠባብ ቦታ ሲታጨቅ ይጠጥራል፤ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ስለማይኖረውም ውሃ ይዞ ይቀራል። ግማሹን በደንብ የበሰለና የተነፋ ብስባሽ፣ ግማሹን ደግሞ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር)፣ ፐርላይት (በሙቀት የተነፋ ነጭና ቀላል ጠጠር) ወይም ታጥቦ ደቃቁ የወጣለት ሻካራ አሸዋ አድርገው ይቀላቅሉ። ዝናብ በሚበዛበት ቦታ የጠጠሩን ድርሻ ከፍ ማድረግ፣ ደረቅና ነፋሻ በሆነ ቦታ ደግሞ የሞሱን ውፍረት መጨመር ይገባል። አሸዋ ከፑሚስና ከፐርላይት በጣም ስለሚከብድ፣ ምርጫ ካለዎት ለሚሰቀል ነገር ሁለቱ ይሻላሉ።

አሞላሉ ቀላል ነው። ቀለበቱን ጀርባው ወደ ታች ሆኖ ያስተኙት፤ ሆዱን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው እርጥብ ሞስ ይለብጡ፤ መካከሉን በአፈሩ ሞልተው ከላይ በሌላ የሞስ ንጣፍ ይሸፍኑት። ከዚያም በማይበሰብስ ናይለን ክር፣ ለምሳሌ በዓሣ ማጥመጃ ክር፣ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር እያራራቁ ዙሪያውን ጠበቅ አድርገው ይጠቅልሉት። ጥብቀቱን በእጅዎ ይፈትኑ፦ ሲጫኑት ጠንከር ብሎ የሚመልስ፣ ነገር ግን እርሳስ ያለ ብዙ ግፊት የሚገባበት መሆን አለበት። ልል ከሆነ ቁራጮቹ ይወላወላሉ፤ የሚወላወል ቁራጭ ደግሞ አዲስ የሚያወጣው ቀጭን ሥር በተነካካ ቁጥር ይበጠሳል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ፣ ወደ ተክሎቹ ምርጫ እንምጣ። እዚህ ላይ ከውበት በፊት የሚወሰን ነገር አለ፤ እርሱም ጉንጉኑ የሚሰቀልበት ቦታ ውርጭ ይኑረው አይኑረው ነው። ከአውሮፓ ተራሮችና ከአካባቢያቸው የመጡት ሴምፐርቪቨሞች ከዜሮ በታች ብዙ ዲግሪ የወረደ ብርድ ይቋቋማሉ፤ እንደ ሴደም አልበምና ሴደም ስፑሪየም ያሉ አጫጭር ሴደሞችም እንዲሁ። አብዛኞቹ የሜክሲኮ ተወላጅ የሆኑት ኤኬቬሪያዎች ግን ሙቀቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ መጎዳት ይጀምራሉ፤ በቅጠላቸው ያለው ውሃ ሲረጋ ሕዋሳቱ ይፈነዳሉ፤ በማግሥቱ ቅጠሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ልፍስፍስ ብሎ ይገኛል። ክራሱላና ካላንቾም በአብዛኛው ከብርድ ፈሪዎቹ ወገን ናቸው። የእኔ ጽኑ ምክር ሁለቱን ወገኖች በአንድ ጉንጉን ላይ እንዳይቀላቅሉ ነው። ምክንያቱም ሲበርድ ግማሹን ወደ ቤት ማስገባት አይቻልም፤ ሴምፐርቪቨም ደግሞ ቤት ውስጥ ብርሃን ሲያንሰው ቶሎ ይመነምናል። ወይ ዓመቱን ሙሉ ውጭ የሚቆይ የብርድ ቻዮች ጉንጉን፣ ወይ በውርጭ ጊዜ የሚገባ የኤኬቬሪያ ጉንጉን ይሥሩ።

ከዚያ ቀጥሎ የሚታየው የዕድገት ፍጥነት ነው። እሬትና አጋቬ ሲታዩ ቢያምሩም እየገዘፉና እየከበዱ ስለሚሄዱ ለጉንጉን አይሆኑም። ቅጠሎቻቸው እንደ ጽጌረዳ ተደራርበው የሚቀመጡ፣ ስፋታቸው ከ3 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ትናንሽ ኤኬቬሪያዎች፣ ግራፕቶፔታለሞችና ሴምፐርቪቨሞች ዋናዎቹ ይሁኑ፤ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት የሚሞሉት ደቃቅ ቅጠል ያላቸው ሴደሞች ናቸው። የመግቢያው በር ጥላ የሚበዛበት ከሆነ ሃወርዚያ ከሁሉም በተሻለ ይታገሣል። ሰው ተላላፊ በሆነበት ቦታ ሴደም ሞርጋኒያነም የተባለውን፣ ያን እንደ ጅራት የሚወርደውን፣ ባይጠቀሙ ይመረጣል፤ ልብስ በነካው ቁጥር ቅጠሉ ይረግፋል። የቁልቋል ዘመድ የሆኑትን ዩፎርቢያዎች ደግሞ ጨርሶ ቢተዉ እመርጣለሁ፤ ሲቆረጡ የሚወጣቸው ነጭ ወተት ቆዳን ያቃጥላል፣ ዓይን ከገባም ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ውሻ፣ ድመት ወይም ከብት ባለበት ቤት ካላንቾን በማይደርሱበት ከፍታ መስቀል ወይም አለመጠቀም ያስፈልጋል፤ ለልብ መርዛማ የሆነ ነገር አለው።

ስንት ቁራጭ እንደሚያስፈልግ በስሌት መገመት ይቻላል። ባለ 35 ሴንቲ ሜትሩ ጉንጉን በወገቡ ላይ ሲለካ ዙሪያው 85 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የሚሸፈነው ክብ ፊቱ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ካለው፣ በጠቅላላው ወደ 1000 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ቦታ አለ ማለት ነው። በአማካይ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ተክሎች ለመሙላት 80 ያህል ቁራጭ ያስፈልጋል። ወዲያው ሙሉ ሆኖ እንዲታይ ካልቸኮሉ ግን 60ው ይበቃል፤ ቀሪውን ተክሎቹ ራሳቸው ይሞሉታል፣ በመካከላቸው አየር ስለሚዘዋወርም መበስበስ ይቀንሳል።

አቆራረጡ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጉንጉን የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። በአልኮል የተጠረገ ስለታም መቀስ ወይም ቢላ ይያዙና ከጭንቅላቱ በታች ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ግንድ እንዲቀር አድርገው ይቁረጡ። በዚያ ግንድ ላይ ያሉትን ቅጠሎች ወደ ጎን እያዘነበሉ በሙሉ ይንቀሉ፤ ሞሱ ውስጥ የሚቀበር ቅጠል ይበሰብሳል፣ መበስበሱም ወደ ግንዱ ይተላለፋል። የተነቀሉት ቅጠሎች አይጣሉም፤ ብዙዎቹ በደረቅ አፈር ላይ ጋደም ተደርገው ቢቀመጡ ሥርና ትንሽ ተክል ያበቅላሉ። ሴምፐርቪቨም ግንዱ አጭር ስለሆነ ከመቁረጥ ይልቅ በቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ የሚያወጣቸውን ልጆች ከነዘንጋቸው መውሰድ ይሻላል። ቅጠሎቹን በጣትዎ እንዳያሻሹ፤ ኤኬቬሪያን አመድማ መልክ የሚሰጠው ስስ ሰም ከፀሐይና ከውሃ የሚጠብቀው ሽፋን ሲሆን ከቅጠሉ ላይ አንዴ ከተጠረገ በዚያው ቅጠል ላይ ተመልሶ አይሸፍነውም። ስለዚህ ቁራጩን ሁልጊዜ በግንዱ ይያዙት።

የተቆረጠው በዚያው ዕለት አይሰካም። ጥላ ባለበት፣ ደረቅና ነፋስ በሚገባበት ቦታ በወረቀት ላይ ይዘርጉት። ቀጭን ግንድ ላለው ሴደም አንድ ወይም ሁለት ቀን ይበቃዋል፤ ወፍራም ግንድ ያለው ኤኬቬሪያ እስከ አንድ ሳምንት ይፈልጋል። መድረሱን የሚያውቁት የቀን ቁጥር በመቁጠር ሳይሆን የተቆረጠውን ጫፍ በማየት ነው፦ መጀመሪያ እርጥብና የሚያብለጨልጭ አረንጓዴ የነበረው ፊት ደብዝዞ ወደ ውስጥ ትንሽ ይሰረጉዳል፤ ሲነኩትም ደረቅና ጠንካራ ቆዳ ያወጣ ይሆናል። ይህ ቆዳ ፈንገስና ባክቴሪያ ወደ ግንዱ እንዳይገቡ ይከላከላል። እርስዎ ትኩስ ቁስል ያለውን ቁራጭ እርጥብ አፈር ውስጥ ስለሰኩት፣ መበስበሱ ከመጀመሪያው ቀን በር ተከፍቶለት ነበር።

ስትሰኩ ትላልቆቹን አስቀድሙ፤ ሦስት ወይም አምስት ትላልቅ ራሶችን እኩል ባልሆነ ርቀት ካስቀመጡ በኋላ መካከለኞቹን በዙሪያቸው፣ ደቃቆቹን በመጨረሻ ይሙሉ። በእርሳስ ወይም በእንጨት ሞሱን በስተው ግንዱን እስከ ቅጠሎቹ ሥር ያስገቡ፤ ክሩን ግን አይበጥሱ። የውስጥና የውጭ ጎኖቹንም ይሸፍኑ፤ ጀርባው ግን ባዶ ይሁን። የሚወላወለውን ቁራጭ በዩ ቅርጽ በታጠፈ የሽቦ ካስማ ያስይዙት፤ ካስማው ግንዱን በሁለት ጎን አቅፎ ሞሱ ውስጥ ይግባ እንጂ ግንዱን አይውጋው። የሁለተኛው ጥያቄዎ መልስ እዚህ ላይ ነው። በትኩስ ሙጫ የተጣበቀ ሰኩለንት በቅጠሉ ባጠራቀመው ውሃ ለሳምንታት ሊያምር ይችላል፤ አንዳንዱም ከሙጫው በላይ ካለው ግንድ ሥር ሊያወጣ ይችላል። ለአንድ ዝግጅት ብቻ የሚሠራ ጌጥ ከሆነ አልቃወምም። ለዓመታት እንዲኖር ለሚፈለግ ጉንጉን ግን የሚያስፈልገው ሥሩ የሚያልፍበት መንገድ ነው፤ ሙጫ ደግሞ የሚዘጋው ያንኑ መንገድ ነው። ካስማው ለሁለት ወር ያህል ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ የሚይዘው ሥሩ ራሱ ነው።

ተሰክቶ ያለቀው ጉንጉን ደማቅ ብርሃን ባለበት፣ ቀጥተኛ የቀትር ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ እንደተኛ ይቀመጥ። ሞሱ ሲሠራ የነበረው እርጥበት ስላለው የመጀመሪያውን ሳምንት ውሃ አይንኩት። ከዚያ በኋላ የሞሱ ፊት ሲደርቅ ብቻ በስሱ ያርጥቡት። አየሩ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሆነበት ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ሥር መታየት ይጀምራል፤ ሞሱን ጠቅልሎ ለመያዝ ግን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ያስፈልገዋል፤ በቀዝቃዛ ወራት ከዚያም በላይ። ሥር መያዙን ለማወቅ አንዱን ቁራጭ በሁለት ጣት ይዘው በጣም ቀስ ብለው ሳብ ያድርጉት። ከፍ ብሎ ከመጣ ገና ነው፤ ከሞሱ ጋር አብሮ ከተንቀሳቀሰ ይዟል። ሌላው ምልክት በመካከል ያሉት ሕፃን ቅጠሎች ጠንከርና ብሩህ ብለው ማደግ መጀመራቸው ነው፤ ይህ የሚሆነው ተክሉ ከውጭ ውሃ ማግኘት ሲጀምር ነው። ጉንጉኑ ለተወሰነ ቀን የሚፈለግ ከሆነ መቁረጡን ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት ይጀምሩ። ይህን የመጠበቂያ ጊዜ የሚያሳጥር ዘዴ ፈልገው ብዙ ሰዎች ይጠይቁኛል፤ አስቀድሞ በችግኝ ማፍያ ሥር ያወጡ ትናንሽ ተክሎችን ገዝቶ ከመትከል በቀር የማውቀው የለም፤ ያም ቢሆን ቢያንስ ሦስት ሳምንት ተኝቶ መቆየት አለበት።

ከመስቀልዎ በፊት ፀሐይ ያለማምዱት። በጥላ የቆየ ተክል ድንገት ለቀጥተኛ ፀሐይ ሲጋለጥ ቅጠሉ ላይ ነጭ ወይም ቡናማ የቃጠሎ ጠባሳ ይወጣል፤ ይህ ጠባሳ አይጠፋም። በመጀመሪያ በጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ያውጡት፤ ከዚያ በየጥቂት ቀኑ እየጨመሩ በቀን ለአራት ወይም እስከ ለስድስት ሰዓት ያህል የሚቆይ የጠዋት ፀሐይ ያድርሱት። የመስቀያው ቦታ ወደ ምሥራቅ የዞረ ግድግዳ ቢሆን ከሁሉ ይሻላል፤ የከሰዓቱ ፀሐይ የሚያግለው ግድግዳ ሙቀቱን ምሽት ድረስ ይዞ ሥሮቹን ያበስላል፤ ጥቁር የተቀባ የብረት በርም እንደዚሁ። በጉንጉኑ ጀርባና በግድግዳው መካከል በቡሽ ቁርጥራጭ ወይም በእንጨት ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተዉ፤ አየር ይዘዋወርበታል፣ ግድግዳውም በእርጥበት አይበላሽም። ከጣሪያ ክፈፍ በታች ከተሰቀለ ደግሞ ውሃውን የሚቆጣጠሩት ዝናቡ ሳይሆን እርስዎ ይሆናሉ።

ስለ ማጠጣት የምሰጠው ምክር በቀን ቁጥር የተወሰነ አይደለም። ከሁሉ የሚታመነው መለኪያ ክብደት ነው። ጉንጉኑ ጠጥቶ ውሃው ከተንጠፈጠፈለት በኋላ በሚዛን ይመዝኑትና ይጻፉት፤ የታችኞቹ ቅጠሎች መለስለስ ሲጀምሩ እንደገና ይመዝኑት። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በእርስዎ ቦታና በእርስዎ ጉንጉን ልክ የተገኙ ስለሆኑ ከማንኛውም ጠቅላላ ምክር ይበልጣሉ፤ ከጊዜ በኋላ ከፍ አድርጎ በእጅ መገመት ብቻ ይበቃዎታል። ቅጠሉም ይናገራል፦ ሲጠማው ከታች ያሉት ቅጠሎች ይሳሳሉ፣ በጣት ሲጫኗቸው ይታጠፋሉ፣ ቀለማቸው ግን እንዳለ ነው። ውሃ ሲበዛበት ደግሞ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ብርሃን የሚያሳልፍ ይመስላል፣ ሲነካም ይፈርጣል። ሁለቱን አለመለየት ብዙ ሰው ለሚበሰብስ ተክል ውሃ እንዲጨምር ያደርገዋል።

የማጠጫ ጊዜው ሲደርስ ጉንጉኑን አውርደው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ባለበት ሰፊ ትሪ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያስተኙት፤ ሞሱ ከታች ወደ ላይ ይጠጣል፣ በተክሎቹ እምብርት ላይም ውሃ አይቆምም። ከዚያ አውጥተው በደንብ እስኪንጠፈጠፍ ደገፍ አድርገው ያቁሙትና ሲሰቅሉት በሩብ ዙር ያዙሩት፤ ባለፈው ጊዜ ከታች የነበረው ወገን ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይሄዳል። በዚህ መንገድ የእርጥበቱም የብርሃኑም ልዩነት ተራ በተራ ይዳረሳል። ማዞር የማይፈልጉት አቀማመጥ ካለዎት ግን ድርቅ የሚችሉትን ሴምፐርቪቨሞች ከላይ፣ እርጥበት የሚሹትን ሴደሞች ከታች አድርገው ከመጀመሪያው ይስኩ። በዕድገት ወራት በወር አንድ ጊዜ፣ ናይትሮጂኑ ዝቅተኛ የሆነ ፈሳሽ ማዳበሪያ ወደ ታዘዘው መጠን ሩብ አቅጥነው በማጠጫው ውሃ ውስጥ ቢጨምሩ በቂ ነው። ከዚህ የበለጠ መመገብ ተክሎቹን ያስረዝማል እንጂ አያሳምርም።

ተባይን በተመለከተ በዋናነት የሚያስቸግረው በቅጠሎቹ ሥር እንደ ጥጥ ብናኝ ሆኖ የሚታየው ሚሊባግ ነው። ጉንዳን በጉንጉኑ ላይ ሲመላለስ ካዩ ተባዩን ይፈልጉ፤ ጉንዳኖቹ የሚመጡት የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ለመሰብሰብ ነው። 70 በመቶ አልኮል በነካ የጥጥ እንጨት አንድ በአንድ ይነኳቸው፤ በሳምንቱ ይድገሙት።

በጊዜ ብዛት አንዳንዶቹ ተክሎች አንገታቸው ይረዝማል፣ በተለይ ብርሃን ሲያንሳቸው። ራሱን ቆርጠው፣ ቁስሉን አድርቀው በዚያው ቦታ መልሰው ይስኩት፤ የቀረው ጉቶም ብዙ ጊዜ ከጎኑ ልጆች ያወጣል። ሴምፐርቪቨም አበባ ያወጣው ራስ ካበበ በኋላ ይሞታል፤ ይህ በሽታ አይደለም፤ የደረቀውን ነቅለው በአጠገቡ ካሉት ልጆች አንዱን ወደ ክፍተቱ ያስጠጉ። ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ ሞሱ ራሱ እየበሰበሰ ይሟሽሻል፣ ውሃም ከሚገባው በላይ መያዝ ይጀምራል። ያን ጊዜ ተክሎቹን በሙሉ ቆርጠው ያንሡ፤ የድሮውን ሞስና አፈር አራግፈው ያስወግዱ፤ ሽቦውን አጥበውና ዝገት እንዳለው አይተው፣ ቁራጮቹ ቆዳ እስኪያወጡ ድረስ ቀለበቱን በአዲስ ሞስ ይሙሉት።